መውጫ የሌለው ውሃ

ራዲያተር ሙቀት የሚጣልበት ዕቃ ነው። በአሮጌ ላንድክሩዘር ኮፋኖ ሥር ያለው ሌላው ሁሉ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያሽከረክራል፤ ራዲያተሩ ግን ከፊት ተገትሮ የመጣለትን ሙቀት ለነፋስ ይለቃል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ደህና ሳለ ማንም አያስታውሰውም፤ የሚታወሰው የሙቀት ጌጁ ቀስት ከመሐል ተነስታ ወደ ቀዩ መስመር ስታዘግም ነው።

በናፍጣ ውስጥ ካለው ጉልበት ጎማ ድረስ የሚዘልቀው በግምት ሲሶው ነው። ሌላው ሲሶ ከጭሱ ጋር ይወጣል። የቀረው ሲሶ ወደ ሞተሩ ብረትና ብረቱን ወደሚዞረው ውሃ ይገባል። ሲሶ የሚለው ቃል ለዚህ ስፍራ የተበጀ ይመስላል፤ ድሮ ጭሰኛ ለባለመሬቱ የሚሰፍረው፣ ካልሰፈረም ከመሬቱ የሚነቀልበት ድርሻ ነበርና። የጭሱ ሲሶ የማይቀር መሆኑን በ1824 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ አስረድቷል፤ ሙቀት ሥራ የሚሠራው ከሞቃት ስፍራ ወደ ቀዝቃዛ ሲወርድ ስለሆነ የትኛውም ሞተር የተቀበለውን ሁሉ ወደ ሥራ ሊለውጥ አይችልም። የውሃው ሲሶ ምክንያቱ ሌላ ነው። በሲሊንደር ውስጥ የሚነደው ጋዝ ለቅጽበት ከ2000 ዲግሪ ያልፋል፤ ፒስተን የሚሠራበት አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ያርራል። ሞተር የራሱን እሳት አይችለውም። ራዲያተር በዚህ ዓይን ሲታይ ብረት ለድካሙ የሚሰፍረው ግብር ነው።

ስሙ ያሳስታል። ራዲያተር ማለት ጨረር የሚረጭ ማለት ሲሆን፣ ሙቀቱ በአብዛኛው የሚሄደው ግን በመካከሉ እየተሹለከለከ የሚያልፈው አየር ተሸክሞት ነው። መናኸሪያ በር ላይ በሰልፍ የቆመ መኪና በአስፋልት ከሚሮጠው ይልቅ የሚግለው ለዚህ ነው። አማርኛ ለዕቃው የራሱን ስም አላወጣለትም። ቢያወጣለት ኖሮ «ማብረጃ» ከሚለው የተሻለ አይገኝም ነበር፤ ሻይም ትኩሳትም ቁጣም የሚበርዱት በዚሁ በአንድ ግሥ ነው።

የመጀመሪያው መኪና ራዲያተር አልነበረውም። ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ የሚቀዘቅዘው ውሃ እያተነነ ነበር፤ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይሄዳል፣ የጎደለው ይሞላል። ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ በ1888 እ.ኤ.አ. ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ በየመንደሩ እየቆመች ውሃ ስትጨምር ሄዳለች። ውሃው እየዞረ የሚመለስበት ራዲያተር የዛሬ መልኩን የያዘው ቪልሄልም ማይባኽ በ1900 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለመጀመሪያው መርሴዲስ በሠራው፣ የማር እንጀራ በሚመስለውና 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎች በነበሩት ዕቃ ነው። ውሃ እስከዚያ ድረስ ስንቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተላላኪ ሆነ። ሙቀቱን ከሞተሩ ተቀብሎ ለነፋስ አስረክቦ ባዶ እጁን ይመለሳል። ውሃ ጨርሶ የማይፈልጉም አሉ፤ አዲስ አበባ ዛሬም የምትሳሳላት አሮጌዋ ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፤ የሐዋሳን መንገድ የሞላው ባጃጅም እንዲሁ። ባለ ባጃጁ ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ ፍለጋ አይወጣም።

ሐዋሳ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር ውሃ ደግሞ በደህናው ቀን ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይውላል። ክፍት ድስት ቢሆን ኖሮ መኪናው ከግቢ ሳይርቅ ይንተከተክ ነበር ማለት ነው። የሚታደገው ክዳኑ ነው። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘው በ0.9 ባር የሚከፈት ክዳን ውሃውን አፍኖ የመፍያ ልኩን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ክዳኑ በትክክል ሲገጠም ውሃው ከባህር ወለል በታች ባለ አገር እንዳለ ሆኖ ይሠራል፤ ላስቲኩ ሲደርቅ ወይም ስፕሪንጉ ሲላላ ሐዋሳ ላይ ወዳለበት ከፍታ ይመለሳል። ከመላው ራዲያተር ጋር ሲተያይ ዋጋው ኢምንት የሆነው ይህ ዕቃ በምርመራ ተራ ከሁሉ በፊት የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚታሰበው ከሁሉ በኋላ ነው። አየሩም በዚህ ከፍታ ከባህር ጠረፍ 15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ በራዲያተሩ ስስ ቅጠሎች መካከል ሲያልፍ የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከከተማዋ ወጥቶ በአለታ ወንዶ በኩል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ወዳለችው ሀገረ ሰላም የሚወጣ፣ ቡና ወይም ሰው የጫነ መኪና፣ እነዚህን ልኮች ሁሉ በአንድ ዳገት ላይ ያገኛቸዋል።

ራዲያተር የሚሞትባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ከውጭ ጭቃ፣ ገለባና ነፍሳት በቅጠሎቹ መካከል ይሰገሰጋሉ፤ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር መብራት አብርቶ ያመሸ መኪና ፊቱ ላይ የሚለጠፍበትን የትንኝ ብዛት የከተማው ሰው ያውቀዋል። ድንጋይ ይመታዋል። የያዘው ጎማ አልቆ ብረት ከብረት ጋር ይፋተግና መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። እነዚህ በዓይን ይታያሉ። ቀስ ብሎ የሚገድለው የማይታየው ነው፣ እሱም የሚጀምረው አንድ ቀን በጠዋት ከሥር በምትታይ አንዲት ጠብታ ነው።

ጠብታዋን ያየ ባለመኪና ወደ ጋራዥ አይሄድም፤ ውሃ ይጨምራል። በማግስቱም ይጨምራል። ከሳምንት በኋላ ከኋላ ወንበር ሥር ቢጫ ጀሪካን ቋሚ ቦታ ያገኛል፤ ከወር በኋላ ዘይት ከማየት በፊት ውሃ ማየት ልማድ ይሆናል። መኪናው ሳይታወቅ ወደ ቤርታ ቤንዝ ዘመን ተመልሷል፤ ተላላኪው ውሃ እንደገና ስንቅ ሆኗል። ችግሩ ድካሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀሪካን ርካሽ መፍትሔ ነበር። ነገር ግን የሚጨመረው ውሃ ብቻውን አይገባም።

ይህን ለመረዳት ከሐይቁ የተሻለ ማስረጃ ከተማዋ የላትም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሰፋው፣ ጥልቀቱም በጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ገደማ ከሆነው ከዚህ ሐይቅ ግን በዓይን የሚታይ ወንዝ አይወጣም። የገባውን ውሃ ፀሐይ ታነሳዋለች። ፀሐይ የምታነሳው ውሃውን ብቻ ነው፤ ወንዙ ከድንጋይና ከአፈር አሟሙቶ ያመጣው ማዕድን እዚያው ይቀራል። መውጫ የሌለው ሐይቅ በዘመናት ብዛት ጨዋማና አመድማ (አልካላይን) የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ ከሻሸመኔ በስተሰሜን ያሉት አቢያታና ሻላ የደረሱበት ዕጣም ይኸው ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ጣፋጭ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ይረቡበታል፤ አሞራ ገደል በተባለው የሐይቁ ዳርቻ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው የሚቆሙትም ከዚሁ የተነሳ ነው። የመስኩ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ ሐይቁ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ መካከል ከመሬት ሥር የሚሰርግበት ስውር መውጫ አለው ይላሉ። የሐይቁ ጤና ያለው በማይታየው በር ነው።

የሚያፈስ ራዲያተር ሐይቁ ሊሆን ሲችል ያልሆነውን ነገር ይሆናል። በክዳኑ በኩል የሚሄደው እንፋሎት ነው፤ በስንጥቁ በኩል ከሚወጣውም ብዙው ሞተሩ ሲግል ገና ከውጭ ሳይንጠባጠብ ይደርቅና ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ሆኖ በነሐሱ ላይ ይጋገራል። ለጎደለው ምትክ የሚገባው የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ደግሞ አዲስ ማዕድን ይዞ ይመጣል። በውሃ ውስጥ የተሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ይበተንና ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል፤ በማንቆርቆሪያ ሥር የሚቀረው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ግራም ማዕድን አለ፣ በቀን አንድ ሊትርም ይጨመራል ቢባል፣ በዓመት ከ180 ግራም በላይ የሟሟ ድንጋይ በእጅ ወደ ሞተሩ ይገባል ማለት ነው። ሁሉም ባይዘቅጥ ከፊሉ ይበቃል። መዳብ ሙቀትን ከዚህ ቅርፊት ከመቶ እጥፍ በላይ አሻግሮ ያሳልፋል፤ የወረቀት ውፍረት ያላት ቅርፊት በቱቦው ውስጥ ስትለበጥ መዳቡ መዳብነቱን አቆመ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ልማድን የሚቃረን ነገር አለ። ጤነኛው ራዲያተር አሮጌ ውሃ የሚዞርበት ነው። በውስጡ የነበረው ማዕድን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘቅጦ አልቋል፤ ኦክስጅኑም ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ የሚያደርገውን አድርጎ ጨርሷል፤ ያው ውሃ ለወራት ቢመላለስ የሚያመጣው አዲስ ነገር የለም። የሚጎዳው ንጹሑ፣ ቀዝቃዛው፣ ከቧንቧ በቅንነት የተቀዳው አዲስ ውሃ ነው። እያንዳንዱ ሊትር ትንሽ ድንጋይና ትንሽ ዝገት ይዞ ይገባል፤ መኪናውን ለማዳን የተደረገው ሁሉ ቀስ በቀስ ገዳዩ ይሆናል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በውስጡ ባለው ፍሎራይድ ብዛት የብዙ ነዋሪዎችን ጥርስ ቡናማ እንዳደረገ የታወቀ ነው። ፍሎራይዱና የራዲያተሩ ቅርፊት ተለያይተው የሚታዩ ነገሮች ቢሆኑም ሁለቱም አንድ ነገር ያስታውሳሉ፤ ውሃ የመጣበትን አገር ይዞ ይመጣል።

ወደ መለወጥ ከመሄድ በፊት ጥፋተኛው ራዲያተሩ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ከፊት ስለቆመ ብቻ የሌላውን ጥፋት ሲሸከም ይገኛልና። ክዳኑ ይታያል። የቺንጊያው፣ ማለትም ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ መላላቱ በአውራ ጣት ተጭኖ ይታያል። ማኒኮቶዎቹ፣ ማለትም ውሃውን የሚያመላልሱት የጎማ ቱቦዎች፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ይጨመቃሉ፤ ሲጨመቁ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ ከውስጥ ተበልተዋል። ራዲያተሩ ራሱ የሚመረመረው በእጅ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ መዳፍ ከቅጠሎቹ ፊት ለፊት ቢንቀሳቀስ፣ በሞቃቱ መካከል ቀዝቃዛ ሰፈሮች የሚገኙ ከሆነ በዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። በክፍቱ አፍ ሲታይ ገና ከጅምሩ ሳያቋርጥ አረፋ የሚተፋ ውሃ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሲሊንደር ክዳኑ ጋስኬት) መበላቱን ይናገራል፤ ያን ጊዜ አዲስ ራዲያተር መግጠም ትኩሳት ለያዘው ሰው አዲስ ባርኔጣ እንደመግዛት ነው።

ቴርሞስታቱ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ይህች የሰም ቡሽ ያለባት ትንሽ በር ውሃው 76 ወይም 82 ዲግሪ እስኪደርስ ተዘግታ ትቆያለች፤ ልኳ ሲደርስ ትከፈታለች። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ጋለ ሲባል የመጀመሪያው መድኃኒት እሷን አውጥቶ መጣል ነው፤ አገሩ ሞቃት ነው፣ ምን ታደርግልናለች ይባላል። ይህ ስህተት ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ሙቀቱ ሳይበስል ይውላል፣ ናፍጣው በሚገባ አይነድም፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። ማቀዝቀዝ ዋጋ የሚኖረው ማቀዝቀዝን መከልከል የሚችል ነገር ሲኖር ነው፤ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ በር በር አይባልም።

ጥፋተኛነቱ ከተረጋገጠ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሚጠገን ወይስ የሚለወጥ የሚለው ነው። ከመዳብና ከነሐስ የተሠራው የድሮው ራዲያተር የላይና የታች ሳጥኑ በእሳት ተላቆ፣ ቱቦዎቹ በቀጭን ሽቦ ተጎርጉረው፣ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ተበይዶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ፣ ምናልባት ሁለት ጊዜ ይህ ያስኬዳል። ቅጠሎቹ ሲነኩ እንደ ደረቀ ኮባ መርገፍ ከጀመሩ ግን ብየዳ የሚይዘው ነገር የለም። አዲስ ሆኖ የሚመጣው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ ሳጥኑም ፕላስቲክ። ቀላል ነው፣ በደህና ውሃ ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን በሰፈር ብየዳ አይጠገንም፤ ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃም ሲሞቅ አመድማነቱ ስለሚጨምር አሉሚኒየምን ይበላል። ለዚህ ሸለቆና ለእጅ ጥገና መዳቡ ይሻላል፤ ከተገኘ። የሚፈለገው መጀመሪያ ሐዋሳ ካሉ የመለዋወጫ ሱቆች፣ ካልሆነ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ነው፤ ከዚያ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ግን የሌላውን መኪና ዝቃጭ አብሮ ሊገዛ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

አሮጌ መኪና በአገሪቱ ለምን እንዲህ እንደሚጠበቅ መጠየቅ እዚህ ቦታ አለው። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ገበያ ብቅ ያለው የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሃርድቶፕ የሚባለው፣ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ዋን ኤችዜድ የተባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይዞ መጣ፤ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ በካቻቪቴና በቁልፍ የሚፈታ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሕጎቹ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በውጤታቸው ግን ግቢ ውስጥ ያለችው መኪና ምትክ የሌላት ሆነች፤ ምትክ የሌለው ነገር ደግሞ አካሉ አንድ በአንድ ይተካለታል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሌሊቱን ሲበርድ አድሮ በጠዋት ነው። በትኩስ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ታፍኖ የቆየውን ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ በ110 ዲግሪ ታፍኖ የነበረ ውሃ ክዳኑ ሲነሳ ውሃ በ94 ዲግሪ የሚፈላበትን የሐዋሳን አየር ያገኛልና ፊት ላይ ይፈነዳል። ግቢው ውስጥ አቮካዶ ካለ ጥላው ሥር መሥራት ይሻላል፣ ፍሬው በማይረግፍበት ወር። የባትሪው ገመድ ይነሳል። ከሥር ሰፊ ሳፋ ይቀመጣል፤ የታችኛው መክፈቻ ይላላል፤ አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ኩላንት የነበረበት ከሆነ ወደ ቦይ አይደፋም። በኩላንት ውስጥ ያለው ኢቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ መርዝ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ይስባል፣ የከተማዋም ቦዮች መጨረሻቸው ሐይቁ ነው። በውሃ ብቻ ሲነዳ የኖረ ከሆነ የሚወርደው ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ነገር ነው፤ ሳፋው ሥር ሲረጋ ቀይ ዱቄት ይተዋል። ዱቄቱ የሞተሩ ብረት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚፈታው ሁሉ የሚፈታው በጣሊያንኛ ነው። ማኒኮቶውን የሚያስረው ፋሼታ በካቻቪቴ ይላላል፣ ማኒኮቶው በፒንሳ ይጠመዘዛል፣ ዳዶው ከቡሎኑ ይወርዳል፣ ኮፋኖው ከመንገድ ይነሳል፣ ቺንጊያው ይወልቃል። አምስት ዓመት የቆየ ወረራ ጋራዡ ውስጥ መዝገበ ቃላቱን ትቶ ሄደ፤ ያንን ቋንቋ የማይችል ሰው ግን መኪና ሲፈታ አቀላጥፎ ይናገረዋል። እዚህም ዝቃጭ አለ፣ ይኸኛው ግን አይጎዳም።

የላይኛው ማኒኮቶ በቀላሉ ይወጣል፤ የታችኛው ለዓመታት ተጋግሮ ስለሚቆይ በጉልበት ከተጎተተ የሳጥኑን አፍ ያጣምማል። በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ማላቀቅ፣ ካልሆነ በቢላ ቀድዶ ማውጣት ይበጃል፤ ለአዲስ ራዲያተር አሮጌ ማኒኮቶ የሚመልስ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት የወሰነ ነው። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ የዘይት ቱቦዎችም አሉ፣ ጫፋቸው ወዲያው ይደፈናል። የማራገቢያው ከለላ ተፈትቶ ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ወይም ማራገቢያው አብሮ ይወጣል። ራዲያተሩን የያዙት ቡሎኖች በቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ ባለ 12 ቁልፍ ናቸው። በጎን ያሉት በቀላሉ ይዞራሉ። ከታች ያሉት፣ ጭቃና ውሃ የተጠራቀመባቸው፣ ይዝጋሉ። ናፍጣ ጠብ እያደረጉ ቡና እስኪፈላ መጠበቅ ከሁሉ ይሻላል። ቁልፉ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ በጥቂቱ ይገፋል፤ ዝገቱ ክርር ሲል ይሰማል፤ ከዚያ ወደ መፍቻው ይመለሳል። የተቸኮለበት ቡሎን አንገቱ ይቆረጣል፣ የአንድ ሰዓት ሥራም የአንድ ቀን ይሆናል።

የመዳቡ ራዲያተር ከባድ ነው። አንዱ ከላይ ይስባል፣ ሌላው ከሥር ይደግፋል፣ ማራገቢያው ቅጠሎቹን እንዳይቧጭር በመካከል ካርቶን ይገባል። ሲወጣ ከፊቱ በኩል የተሰገሰገው ሁሉ ይታያል፦ የአንበጣ ክንፍ፣ የጤፍ ገለባ፣ የደረቀ ጭቃ፣ የላስቲክ ቁራጭ። የእጅ መብራት ከኋላው ተይዞ ከፊት ቢታይ ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ከማያልፍበት ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የአፉ ውስጥ ሲታይ የቱቦዎቹ ጫፍ በነጭ ቅርፊት ጠብቦ ከሰፊ ሞላላ ወደ መርፌ ቀዳዳ ተለውጧል። ከነዚህ መካከል አንዳንዱ ጨርሶ የለም፤ ለስላሳ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ጀሪካኑ ሲያደርግ የከረመው ይህንን ነው።

አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን መሬት ላይ ይጋደማሉ። የማኒኮቶ አፎቹ ስፋትና አቅጣጫ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የቱቦው ረድፍ ብዛት ይነጻጸራል። ለቤንዚን ሞተር የተሠራው ለናፍጣው ሲሸጥ ይገኛል፤ ባለ ሦስት ረድፉ ቦታ ባለ ሁለት ረድፍ ሲመጣም ሳጥኑ ያው መጠን ስላለው ዓይን ያሳስታል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ ራሱ መታጠብ አለበት፣ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቴርሞስታቱ ይወጣና የጎማ ቱቦ በላይኛው ማኒኮቶ በኩል ገብቶ ውሃው በታች ጠርቶ እስኪወጣ ይለቀቃል። ሳይታጠብ የቀረ ሞተር የዓመታት ዝገቱን በመጀመሪያው ሳምንት ወደ አዲሶቹ ቱቦዎች ያሸክማል።

መግጠሙ የመፍታቱ ተገላቢጦሽ ነው ይባላል፤ እውነት የሚሆነው በግማሽ ነው። ሲፈታ ኃይል ይጠይቃል፣ ሲገጠም ግን ኃይልን መያዝ ይጠይቃል። ራዲያተሩ በጎማዎቹ ላይ መቀመጥ እንጂ መታነቅ የለበትም፤ ሲነዳ ሻሲው በተጣመመ ቁጥር አብሮ ከተጣመመ መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ፋሼታው ማኒኮቶውን እስኪቆርጥ አይጠብቅም። ቴርሞስታቱ ሲገባ አየር የምታሳልፈው ትንሽ ቀዳዳዋ ወደ ላይ ትሆናለች።

ከዚያ ውሃው። እዚህ አገር በረዶ ስለሌለ ኩላንት አያስፈልግም የሚለው አስተሳሰብ ከስሙ የመጣ ነው፤ ፀረ በረዶ ሲባል ሰምቶ ሐዋሳ ላይ በረዶ የት አለ የሚል ሰው አይፈረድበትም። የኩላንቱ ዋና ጥቅም ግን ዝገትን መከልከሉና የመፍያ ልኩን ጥቂት ዲግሪ ከፍ ማድረጉ ነው። ግማሽ በግማሽ ከባትሪ ውሃ ጋር፣ ማለትም ማዕድኑ ከወጣለት ውሃ ጋር፣ ይደባለቃል። የባትሪ ውሃ ከጠፋ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ካጠበ በኋላ የተጠራቀመ የክረምት ውሃ ከጉድጓዱ ይሻላል፤ ከሰማይ የመጣ ውሃ ገና አገር የለውም።

አየር ማውጣቱ ትዕግሥት ነው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገት አዙሮ ይቆማል፤ የካቢኑ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፤ ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩ ይነሳል። የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ጨመቅ ለቀቅ ሲደረግ በአፉ አረፋ ይወጣል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ይሞላል። ለጥቂት ጊዜ ምንም የሚሆን አይመስልም፣ ማኒኮቶውም ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ቴርሞስታቱ ይከፈታል፤ በእጅ ሥር ያለው ጎማ በአንድ ጊዜ ይሞቃል፣ ውሃውም በአፉ በኩል መንቀሳቀስ ይጀምራል። አረፋው ሲያልቅ ክዳኑ ይገጠማል። ቀጥሎ ወደ ወንዶ ገነት ወይም ወደ ይርጋለም ጥቂት ዳገት ይወጣል፤ ቀስቷ ከመሐል መነሳት አለመነሳቷ ይታያል። ተመልሶ ሲቆም የማኒኮቶዎቹ ዳር በጣት ይዳሰሳል፣ እርጥበት ካለ ፋሼታው በሩብ ዙር ይጠብቃል።

አሮጌው ራዲያተር ለቆራሌው ይሰጣል። ቆራሌው ገልብጦ ያየዋል፣ በቅርፊቱ ክብደት ሒሳብ እንዳይጭኑበት ሁለት ጊዜ በድንጋይ ይመታዋል፣ ከአፉ ነጭ አቧራ መሬት ላይ ይፈሳል፤ የሚከፍለው ለመዳቡ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የትርፍ ውሃው ጠርሙስ ይታያል። ሞተሩ ሲሞቅ የገፋውን ሲበርድ መልሶ ስቦ ከሆነ ደረጃው በሁለቱ መስመሮች መካከል ይገኛል። ለሳምንት ያህል በየጠዋቱ ማየት ያስፈልጋል፤ ደረጃው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጥቂት ቢወርድ የተረፈ አየር ነው፣ ከዚያ ወዲያ መውረድ የለበትም። ጀሪካኑ ከኋላ ወንበር ሥር አይነሳም፤ የረጅም መንገድ መኪና ያለ ጀሪካን አይወጣም። የቧንቧው ውሃ ተደፍቶ ከተሞላው የተረፈው የኩላንት ቅልቅል ይገባበታል፣ አፉም ሕፃን በማይከፍተው ልክ ይጠብቃል።